ከእርካብ እስከ ባጃጅ፦ "ወለምታ ነው" ተብሎ የሚታለፈው የእግር ጉዳት



ሀዋሳ ውስጥ ከሞተር የወደቀ ወይም እግሩ ባጃጅ ሥር የተያዘ ሰው አያጡም። እግሩ ያብጣል፤ "ወለምታ ነው፣ ታሽቶ ይድናል" ይባላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን የመሐል እግር አጥንቶች ከመገጣጠሚያቸው ወልቀው ይሆናል። ይህ ጉዳት ሊስፍራንክ ይባላል። ስሙ ታሪክ አለው።

ዣክ ሊስፍራንክ በናፖሊዮን ዘመን የኖረ ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ነው። እንደሚነገረው፣ በዚያን ጊዜ ፈረሰኛ ሲወድቅ እግሩ እርካብ ውስጥ ይቀርና መሐሉ ላይ ይጠማዘዝ ነበር። ደም ሥር ሲጎዳ እግሩ ይሞታል፤ ጋንግሪን የምንለው ነው። ሊስፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1815 ያስተዋወቀው ሕክምናም መጠገን ሳይሆን፣ በዚያው መገጣጠሚያ ላይ የእግሩን የፊት ክፍል መቁረጥ ነበር። ማደንዘዣ ገና አልመጣም፤ ስለዚህ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርስ እንደነበር ይነገርለታል።

ታሪኩን ከቀየሩት አንዱ ራጅ ነው። ጀርመናዊው ሮንትገን ራጅን ያገኘው በእኛ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም.፣ ከአድዋ ድል ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ዛሬ የወለቀው አጥንት ወደ ቦታው ተመልሶ በብሎን ይያዛል፤ እግርም ይተርፋል።

ነገር ግን ክፍተቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ከአምስት ታማሚ የአንዱ ያህል መጀመሪያ ላይ ሳይታወቅ ያልፋል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ቆመው የሚነሱት ራጅ ይረዳል፤ ካልሆነም ሲቲ ስካን።

እነዚህን ካዩ ወለምታ ብለው አይለፉት፦
✅ ውስጥ እግር ላይ የበለዘ ምልክት
✅ መሐል እግር ላይ ማበጥና ሕመም
✅ በጣት መዳፍ መቆም አለመቻል

⚠️ አይታሹ፣ በቀርከሃም አጥብቀው አይታሰሩ። ወጌሻዎቻችን በማኅበረሰቡ የተከበሩ ናቸው። ሆኖም ያበጠ እግር ጠብቆ ሲታሰር ደም ይቋረጣል። ሊስፍራንክን እግር ያስቆረጠው ጋንግሪን በእኛ አገር ዛሬም በዚህ መንገድ ይመጣል። ጣቶችዎ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያውን ወዲያው ፈትተው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት እግሩ አይረገጥበትም። ከዚያ ቀስ በቀስ መርገጥና ፊዚዮቴራፒ ይከተላል። ወደ ከባድ ሥራና ኳስ ለመመለስ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ቀድሞ መርገጥ ብሎኑን ሊሰብር፣ አጥንቱንም መልሶ ሊያወልቅ ይችላል። በደንብ ታክመውም ቢሆን ቆይቶ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊመጣ ስለሚችል ቀጠሮዎን አያቋርጡ።

የዚያ ዘመን ፈረሰኛ ምርጫ አልነበረውም። እርስዎ ግን አለዎት፤ በጊዜ ይታዩ።

መልካም ጤና! ለሞተረኛና ለባጃጅ ሹፌር ወዳጆችዎ ያጋሩ።