የአይሮፕላን ሜዳዎቻችን ባለቤትና አስተዳዳሪ፤ ከኮምቦልቻ ሜዳ የተነሣ አጭር የታሪክ ጥናት

የደሴ ከተማ የተቆረቆረችው በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ባለው ጠባብ ሥፍራ ስለ ሆነ፣ አይሮፕላን ሊያርፍበት የሚችል ሰፊ ሜዳ በከተማይቱ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ወደ ደሴ በአይሮፕላን የሚመጣ መንገደኛ የሚወርደው ከከተማይቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከሐረጎ ቁልቁለት በታች በሚገኘው በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ነው። በዓለም የአይሮፕላን ሥራ ለየጣቢያው የሚሰጠው ባለ ሦስት ፊደል ምልክት እንኳ ለዚህ ሜዳ የተሰጠው ከደሴ ስም ተወስዶ ነው፤ ይኸውም ዲ፣ ኤስ፣ ኢ የሚል ነው። እንግዲህ ሜዳው የኮምቦልቻ፣ ስሙ የደሴ ሲሆን፣ የሚጠቀምበት ደግሞ በአንድ ወገን እስከ ደጋንና እስከ ባቲ፣ በሌላው ወገን እስከ ወረባቦና እስከ ሐይቅ ድረስ ያለው ሕዝብ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ እንደዚህ ያለው የአውራጃ ሜዳ ከጥንት ጀምሮ የማን ንብረት እንደ ነበረ፣ ማን እንዳስተዳደረውና ወጪው ከየት ይሸፈን እንደ ነበረ ነው። ጥያቄው ለታሪክ ብቻ የሚቀርብ አይደለም። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥትን ድርጅቶች ወደ ግል ይዞታ ስለ ማዛወር ብዙ ተነግሯል። የአይሮፕላን ሜዳዎችን በጠቅላላ ይዘው የሚያስተዳድሩ የግል ኩባንያዎችም በሌላው ዓለም ተቋቁመዋል። ነገሩ ወደ እኛም አገር ሊመጣ የሚችል ስለ ሆነ፣ ከመምጣቱ በፊት ያለፈውን መመርመር ይገባል ብለን አሰብን።

1. ሜዳው ለጦርነት ከመሆኑ ለንግድ እስከ መሆኑ

ወደ አገራችን የመጀመሪያው አይሮፕላን የመጣው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። አይሮፕላኑ ፖቴዝ 25 የሚባል የፈረንሳይ ሥራ ሲሆን፣ ከጅቡቲ አንሥቶ ያመጣው አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። ሆኖም ለደሴ ሕዝብ አይሮፕላን በሰፊው የታወቀው በደስታ አልነበረም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በደሴ ሳሉ የጣልያን አይሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ደበደቡ፤ የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ይሠሩበት የነበረው ሆስፒታልም ተመታ። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያኖች ደሴን ያዙ።

በወረራው ዘመን ጣልያኖች ኮምቦልቻን ለአይሮፕላን ማረፊያነት ተጠቀሙባት። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። ኮምቦልቻ የቦርከና ወንዝ የሚያልፍበት ሜዳማ አገር ነው፤ ደግሞም ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄደውና በደጋን በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ የሚገናኙት እዚያ ነው። ለጠላት ጦር ጠቃሚ የሆነው ሥፍራ ጠላትን ለሚያሳድደውም ጠቃሚ ነበር። ስለዚህ በ1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ አይሮፕላኖች ሜዳውን ደበደቡት፤ እግረኛ ጦራቸውም ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በኮምቦልቻ ገደላገደል ላይ ከተዋጋ በኋላ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ገባ።

ከዚህ የምንረዳው፣ በወሎ የአይሮፕላን ሜዳ መጀመሪያ የተመረጠው በንግድ ሒሳብ ሳይሆን በጦር ሒሳብ መሆኑን ነው። የሜዳውን ትርፍና ኪሳራ የጠየቀ አልነበረም። የገበያ ጥያቄ የመጣው በኋላ ነው።

2. የባቡሩ ኩባንያና የአየር መንገዱ ውል

ከጦርነቱ በኋላ የነበረው መንግሥት ለአይሮፕላን ሥራ ያወጣውን ዘዴ በትክክል ለመመዘን፣ አስቀድሞ በባቡር ሐዲዱ የተደረገውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለሐዲዱ ሥራ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራውን የያዘው በውጭ አገር ገንዘብ የቆመ የግል ኩባንያ ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ የኩባንያው ገንዘብ እየደከመ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው ከሰረ፤ የመንገዱም ነገር በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በጣልያን መካከል የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ። በሌላ ኩባንያ እጅ ገብቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ለአገሪቱ ትልቅ ጥቅም መስጠቱ አይካድም። ነገር ግን ባለቤቱም አስተዳዳሪውም ባዕድ ስለ ነበረ፣ መንግሥት በገዛ አገሩ ባለው መንገድ ላይ ሙሉ ቃል አልነበረውም።

በአይሮፕላኑ ሥራ ግን ሌላ መንገድ ተመረጠ። ኢትዮጵያ ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. በቺካጎ የተደረገውን ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ ነበረች። ቀጥሎም ቲ ደብልዩ ኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ውል ተደርጎ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ። ከጦርነት የተረፉ አምስት ሲ 47 አይሮፕላኖች ተገዙ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ።

ከዚህ ላይ አንባቢው እንዲያስተውልልን የምንፈልገው የውሉን ዓይነት ነው። ንብረቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ነበር። ሥራ አስኪያጆቹ፣ አብራሪዎቹና መካኒኮቹ ግን በመጀመሪያ የመጡት ከአሜሪካው ኩባንያ ነው። በሌላ አነጋገር መንግሥት ዕውቀቱን ተከራየ እንጂ ንብረቱን አልሸጠም። ኢትዮጵያውያን ሥራውን እየተማሩ በሄዱ መጠን የባዕዳኑ ቦታ እያነሰ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1965 ድርጅቱ የአክሲዮን ማኅበር ተብሎ ነበር፤ ሆኖም አክሲዮኑ ከመንግሥት እጅ አልወጣም። ስለዚህ «ኩባንያ» የሚለው ስም ብቻውን ስለ ባለቤቱ ምንም እንደማያስረዳ ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

3. የሜዳዎቹ መብዛትና ማነስ

ሲ 47 የተባለው አይሮፕላንና ሲቪሉ ወንድሙ ዲ ሲ 3 በሣር ሜዳ ላይ ለማረፍ የሚችሉ ነበሩ። በመጀመሪያው ጊዜ በአንዳንዶቹ ውስጥ መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ የወታደር መቀመጫ ላይ ሲቀመጥ፣ ዕቃው በመካከል ይጫን ነበር። የዝናም ወራት መንገዱን በሚቆርጥበት አገር እንዲህ ያለው አይሮፕላን ትልቅ ረድኤት ነበር። ጎሬ፣ ዋካ፣ በወሎም መካነ ሰላም የመሰሉ ሥፍራዎች የአየር መንገዱ አይሮፕላን የሚደርስባቸው ሆኑ። ሜዳው ማለት ብዙ ጊዜ የተመነጠረ ሣርና የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳይ ጨርቅ ብቻ ስለ ነበረ፣ የሜዳውን ሒሳብ ከበረራው ሒሳብ ለይቶ የሚጠይቅ አልነበረም።

አይሮፕላኑ ሲለወጥ ግን ሜዳውም መለወጥ ግድ ሆነበት። ቦይንግ 720 የተባለው ጄት በ1955 ዓ.ም. ሲመጣ የልደታ ሜዳ ስላልበቃ፣ የአዲስ አበባ አይሮፕላን ጣቢያ ወደ ቦሌ ተዛወረ። በክፍለ ሀገሩም ቀስ በቀስ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የገባው ኪው 400 የተባለው አይሮፕላን ሰባ የሚያህል ሰው የሚጭን ስለ ሆነ፣ ጥሩ ማኮብኮቢያ፣ የእሳት አደጋ መኪና፣ የመንገደኛ አዳራሽና የፍተሻ መሣሪያ ያስፈልገዋል። በዚህ ምክንያት የቀድሞ የሣር ሜዳዎች ብዙዎቹ ከመሥመር ወጡ፤ የቀሩት ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ ሆኑ። የየብስ መንገድ መሻሻሉም ለአንዳንዶቹ መዘጋት ምክንያት ሆኗል።

ሜዳዎቹን ለብቻቸው የሚያስተዳድር ድርጅት ያስፈለገው በዚህ ጊዜ ነው። በ1995 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤርፖርቶች ድርጅት ከሲቪል አቪዬሽኑ መሥሪያ ቤት ተለይቶ ቆመ። በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ድርጅቱ ከአየር መንገዱ ጋር ተዋህዶ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ተመሠረተ። ስለዚህ ኮምቦልቻ ዛሬም በዚያው አየር መንገድ ሥር ይገኛል። በሁለቱም አደረጃጀት ያልተለወጠው ነገር፣ የውጭ መንገደኛ የሚያልፍበት ቦሌ ብዙ ገቢ ሲያስገባ፣ ጥቂት በረራ ያላቸው ሜዳዎች በእርሱ ትከሻ መደገፋቸው ነው።

4. የሌላው ዓለም ልምድ

ሜዳዎችን ለግል ኩባንያ የሰጡ አገሮች ይህን የመደገፍ ነገር በተለያየ መንገድ ፈትተውታል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1987 ሂዝሮውንና ጋትዊክን ጨምሮ ሰባት ሜዳዎች የያዘውን ድርጅት ለሕዝብ በአክሲዮን ሸጠች። በሰሜን ስኮትላንድና በደሴቶቹ ያሉት ትንንሽ ሜዳዎች ግን ከዚህ ሽያጭ ውጭ ነበሩ፤ ከአንድ ዓመት በፊት በተቋቋመ የመንግሥት ኩባንያ ሥር ሆነው ከመንግሥት ገንዘብ ይደጎማሉ። ግሪክም 14 የአውራጃ ሜዳዎችን ለ40 ዓመት ለጀርመኑ ፍራፖርት ማኅበር ሰጥታ፣ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራውን ተረከበ። ከእነዚህ መካከል ቱሪስት የሚያጥለቀልቃቸው ሮድስ፣ ኮርፉና ሳንቶሪኒ ይገኛሉ። ሌሎች ከሃያ የሚበልጡ ትንንሽ ሜዳዎች ግን በመንግሥት እጅ ቀሩ።

ሜክሲኮ የተከተለችው መንገድ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ሜዳዎቿን በየክፍሉ አቧድና ሸጠች። በደቡብ ምሥራቅ ያለውን ክፍል የገዛ ኩባንያ ካንኩን የተባለውን ባለጸጋ ሜዳ ብቻ መርጦ ሊወስድ አልቻለም፤ ከእርሱ ጋር ሌሎች ስምንት ሜዳዎችን አብሮ መረከብ ነበረበት።

ስለዚህ ልዩነቱ ግልጽ ነው። በእንግሊዝና በግሪክ ትርፉ ወደ ኩባንያው ሲሄድ፣ ትንንሾቹን የመደገፉ ሸክም በመንግሥት ላይ ቀረ። በሜክሲኮ ግን ትርፍና ሸክም አብረው ተሸጡ።

5. ለኮምቦልቻ ምን ይሻላል?

ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ፣ አብላጫው በመንግሥት እጅ ሆኖ የአየር መንገዱ ድርሻ በከፊል ለግል ባለሀብቶች እንዲዛወር መወሰኑን አስታወቀ። ሽያጩ አልተፈጸመም፤ አየር መንገዱ በ2014 ዓ.ም. በተቋቋመው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር እንዲሆን ተደረገ። በዚያው በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ከተሞቹ ከመንግሥት እጅ ወጡ። የአይሮፕላኑ አገልግሎት የተቋረጠው፣ የአዲስ አበባው መንገድም የተቆረጠው በአንድ ጊዜ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ በራሱ ገቢ ብቻ እንዲኖር የተተወ አንድ ሜዳ ጉዳቱን ጠግኖ እንደገና ለመከፈት የሚችለው እንዴት ነው? ሌሎች ሜዳዎች ሳይደግፉት የሚቻል አይመስለንም።

ይሁን እንጂ የግል ይዞታ ደጋፊዎች የሚያነሡት አንድ ክርክር እውነትነት አለው፤ ችላ ልንለውም አይገባም። የሁሉም ሜዳዎች ገንዘብ በአንድ ከረጢት ሲገባ ጥፋትም አብሮ ይሸፈናል። ሜዳው የከሰረው መንገደኛ አጥቶ ይሁን ወይም በአያያዝ ጉድለት፣ የደሴ ነጋዴም ሆነ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ያልታወቀ ኪሳራ ደግሞ አንድ ቀን ለመዝጋት ወይም ለመሸጥ ምክንያት ሆኖ ሊቀርብ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ሜዳው የሚገባው መሆኑን የሚያስረዳ ቁጥር በሕዝቡ እጅ አይኖርም።

ስለዚህ ከታሪኩ በመነሣት ሁለት ነገር እንዲታሰብበት እናቀርባለን። አንደኛ፣ የየሜዳው ገቢና ወጪ ተለይቶ በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጥ። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ግን አይለይ፤ ማለት ድርጅቱ ወደፊት በከፊልም ሆነ በሙሉ ለሌላ ቢተላለፍ፣ ቦሌ ብቻውን ተመርጦ እንዳይወሰድና የክፍለ ሀገሩን ሜዳዎች የመደገፍ ግዴታ በውሉ ውስጥ በቁጥር ተወስኖ እንዲጻፍ ያስፈልጋል። ያንን ውል የፈረሙት ሰዎች ባለቤትነትን ከአስተዳደር ለይተው በማየታቸው፣ በባቡሩ የደረሰው በአየር መንገዱ ሳይደርስ ቀርቷል። ዛሬ ለእኛ የሚቀረን ሦስተኛውን ነገር፣ ማለት ሸክሙን ማን ይሸከማል የሚለውን፣ ከሁለቱ ለይቶ መጠየቅ ነው።

ይህን ጥያቄ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ ከደጋን ተነሥቶ በሽተኛ ወደ አዲስ አበባ የሚወስድ ሰው ከኮምቦልቻ ለመሳፈር ይችላል። ጠያቂ ከሌለ ግን የሚቀረው በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢትና በጣርማ በር በኩል የሚሄደው ረጅሙ የመኪና መንገድ ይሆናል።