አንድ ሽቦ ሲመሰክር

በትንሽ አውሮፕላን እየበረራችሁ ነው እንበል። በክሩስኮቱ ላይ የአንዱ ሲሊንደር የጭስ ሙቀት በድንገት በ200 ዲግሪ ዘለለ። ሞተሩ ግን እንደቀድሞው ነው፤ ድምፁም ጉልበቱም አልተለወጠም። ማንን ታምናላችሁ? ጆሯችሁን ወይስ መለኪያውን?

በየጋራዣቸው የራሳቸውን አውሮፕላን ለሚሠሩ ሰዎች ይህ የዘወትር ራስ ምታት ነው። ለእኛ የሩቅ አገር ሀብታሞች ጨዋታ ይመስላል። እኔ ግን እዚህ አገር ይህን ጥያቄ በ157 ሰዎች ሕይወት ስለከፈልንበት በደንብ ልናውቀው ይገባል ባይ ነኝ።

የዚህ መለኪያ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በተሳሳተ ንባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1821 በርሊን ውስጥ ቶማስ ዮሐን ዜቤክ የተባለ ተመራማሪ ሁለት የተለያዩ ብረቶችን አገናኝቶ ቀለበት ሠራ። አንዱን መጋጠሚያ ሲያሞቀው አጠገቡ የነበረው የኮምፓስ መርፌ ዞረ። ዜቤክ ሙቀት ማግኔት ፈጠረ ብሎ ደመደመ፤ የምድርን ማግኔት እንኳ በዋልታና በምድር ወገብ የሙቀት ልዩነት ለማስረዳት ሞከረ። መርፌውን ያዞረው በቀለበቱ ውስጥ የሚሄድ ኤሌክትሪክ መሆኑን የተረዳው ዴንማርካዊው ኧርስትድ ነው። ዜቤክ ግን ይህ አልተዋጠለትም። መርፌው አልዋሸም ነበር፤ የተሳሳተው አንባቢው ነው።

ቴርሞካፕል የሚባለው ዳሳሽ የዚያ ቀለበት ልጅ ነው። በማርሚታው ቱቦ ላይ የሚሰካው ዓይነት ከሁለት የኒኬል ቅይጥ ሽቦዎች ይሠራል፤ ክሮሜልና አሉሜል ይባላሉ። ለአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሰጠው 41 ማይክሮቮልት ያህል ብቻ ነው። ከመንገድ ላይ የአንድ ቮልት አንድ ሺህኛ ቢገባበት ንባቡ በ24 ዲግሪ ይሳሳታል።

ይህ መለኪያ በትናንሽ አውሮፕላኖች እንዲለመድ ብዙ የደከመው አል ሁንደሬ የተባለ የቴክሳስ መሐንዲስ ነው። ነዳጅና አየርን በትክክል መመጠን ለሚፈልግ ፓይለት የጭሱ ሙቀት ጥሩ መሪ ነው። በ1953 በሚልዋኪ በፖል ፖብረዝኒ መሪነት ማኅበር ያቋቋሙት የቤት ውስጥ አውሮፕላን ሠሪዎችም ወደዱት። ነገር ግን በእነሱ ዘንድ ሽቦውን የሚዘረጋው የፋብሪካ ባለሙያ አይደለም፤ ባለቤቱ ራሱ ማታ ከሥራ መልስ ነው። መለኪያው ሲያብድ ተከሳሹም መርማሪውም እሱ ነው።

ይህ ግን የምርመራ ልማድ ፈጠረላቸው። መጀመሪያ ፍጥነቱን ያያሉ። ሙቀት ብረት ውስጥ ለመግባትና ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል፤ ንባቡ በቅጽበት ዘልሎ በቅጽበት ከተመለሰ ያ ሙቀት ሳይሆን ኤሌክትሪክ ነው። ሬዲዮ ለመናገር ቁልፉን ሲጫኑ የሚዘል ከሆነም ሞተሩን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የሚያያዘውን ገመድ ይፈትሻሉ። አንዱ ሲሊንደር ሳይሆን ሁሉም አብረው ከተንቀሳቀሱ ችግሩ የጋራ ነው፤ አንድ ዳሳሽ ሊሆን አይችልም። ሞተሩ ሲግል ንባቡ ቀስ እያለ የሚዛባ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው በመሐል ተራ የመዳብ ሽቦ ቀጥሎበታል ማለት ነው። ቴርሞካፕል የሚያውቀው የሁለት ጫፎችን ልዩነት ብቻ ነውና፣ ያ ቅጥል ቀዝቃዛውን ጫፍ ከክሩስኮቱ ወደ ሞተሩ ጋለ ክፍል አምጥቶታል።

ከሁሉ የምወደው ፈተና ምንም ወጪ የሌለው ነው። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ሲሊንደር ዳሳሾች ያቀያይራሉ። እብደቱ ከዳሳሹ ጋር ከሄደ ጥፋቱ የዳሳሹ ነው። ባለበት ከቀረ ሽቦው ወይም መሣሪያው ወይም ሞተሩ ነው፤ ቀጥሎ ሽቦዎቹን ከመሣሪያው ጀርባ ያቀያይራሉ። (የፈላ ውኃ ውስጥ መንከርም አለ። አዲስ አበባ ላይ የሚሞክር ካለ ግን 100 አይጠብቅ፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ92 ገደማ ነው።)

«ሴንሰር ነው፣ ተወው» ማለትም ይገድላል። አንዱ ካንዴላ ሲሞት የዚያ ሲሊንደር የጭስ ሙቀት በእርግጥ ይጨምራል። ስለዚህ ማመንም መካድም ሳይሆን ሁለተኛ ምስክር መጥራት ነው ሥራው።

አሁን ወደ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እንምጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ እንደተነሣ፣ አፍንጫው ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ከሚለኩት ሁለት ዳሳሾች የግራው አበደ። በሰከንድ ሦስት አራተኛ ውስጥ 74.5 ዲግሪ ደረሰ፤ የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። ጋራዥ ውስጥ ያለ አውሮፕላን ሠሪ ይህን ቁጥር ቢያይ ፍጥነቱን ብቻ አይቶ ይህ እውነት አይደለም ይል ነበር። ኤምካስ የተባለው የቦይንግ ሶፍትዌር ግን የሚሰማው አንዱን ዳሳሽ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ምስክር እዚያው አውሮፕላኑ ላይ ቆሞ እያለ አልተጠየቀም። ፓይለቶቹ ከማሽኑ ጋር የታገሉት ስድስት ደቂቃ ያህል ነው።

ከዚያ በፊት፣ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር አውሮፕላን 189 ሰዎችን ይዞ ባሕር ገብቶ ነበር። እዚያ ዳሳሹ ከአደጋው በፊት ተቀይሯል፤ የተገጠመው ምትክ ግን በ21 ዲግሪ የተዛባ ነበር። ዕቃ መቀየርን ምርመራ አድርጎ መቁጠር ውጤቱ ይህ ነው።

የእኛው ዳሳሽ ለምን አበደ? የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻ ሪፖርት ከምርት ጥራት ጉድለት የመጣ የኤሌክትሪክ ችግር ይላል። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ወፍ ሳይመታው አይቀርም ብሎ ተቃወመ። ሽቦው ነው ወይስ ዳሳሹ፣ ያው የጋራዡ ክርክር ነው፤ ልዩነቱ እዚህ አቀያይሮ የሚፈትን ሰው አለመኖሩ ነው። በእኔ እምነት ግን ወፍም ይሁን ሽቦ የንድፉን ጥፋት አያቃልለውም፤ ዳሳሽ መበላሸቱ አይቀርምና።

በኋላ ተሻሽሎ የተፈቀደው ሶፍትዌር ሁለቱንም ዳሳሾች ያነጻጽራል። በ5.5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከተለያዩ ኤምካስ አይሠራም። በበረራ 302 ላይ ልዩነቱ 59 ዲግሪ ነበር።