ካሜራው ወላይታ ሲገባ ከማን ጎን ነበር?

የዋልታ ጉዞ ፎቶግራፍ ታሪክ ሲነሣ ሁለት ስሞች አይቀሩም። አንዱ ኸርበርት ፖንቲንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ከካፒቴን ስኮት ጋር ወደ አንታርክቲካ ተጉዞ የበረዶ ዋሻና የፔንግዊን መንጋ ለዓለም ያሳየ እንግሊዛዊ። ሁለተኛው አውስትራሊያዊው ፍራንክ ኸርሊ ነው። በ1915 የሻክልተን መርከብ «ኢንዱራንስ» በበረዶ ተጨፍልቃ ስትሰጥም ኸርሊ በረዶ መሰል ውሃ ውስጥ ገብቶ ፎቶ ያነሣባቸውን መስታወቶች አወጣ። ሁሉንም እየጎተቱ መጓዝ ስለማይቻል ከሻክልተን ጋር ተቀምጠው 120 ያህሉን መረጡ፤ 400 የሚሆኑትን እዚያው ሰባበሯቸው፤ በኋላ ሐሳባቸውን ቀይረው እንዳይመለሱባቸው።

የሰበሩት የራሳቸውን ነው። አንታርክቲካ አገሬ የሚል ሕዝብ የላትም፤ «ይህን አስቀርታችሁ ያን ለምን ጣላችሁ?» ብሎ የሚከስ አልነበረም። ጣጣው የሚመጣው «ማንም ያላየውን ምድር መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ» የሚለው ያው ዓይን ሰው ወዳለበት አገር ሲመጣ ነው።

ከወላይታ ሶዶ በዲምቱ አድርጎ ወደ ሐዋሳ የሚያወጣውን መንገድ የሄደበት ሰው አገሩን ያውቀዋል። ከዳሞታ ተራራ ሥር ካለው እንሰት ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ሙቀቱና ወደ ግራሩ ይወርዳል። ከዲምቱ ወዲያ ብላቴ ወንዝ አለ፤ አፈር ጠጥቶ ወደ ደቡብ ይወርድና አባያ ሐይቅ ይገባል። ለፖስትካርድ የተፈጠረ የሚመስል አገር ነው። ካሜራ ወደ ወላይታ የመጣው ግን መልክዓ ምድር ፍለጋ አልነበረም።

በ1887 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ (እ.ኤ.አ. በ1894 መጨረሻ) አጼ ምኒልክ በካዎ ጦና ላይ ዘመቱ። የጅማው አባ ጅፋርና የወሎው ራስ ሚካኤልም አብረው ነበሩ። በዚህ ሠራዊት መካከል ጋስቶን ቫንደርሃይም የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። ወታደር አይደለም፤ ተመራማሪም አይደለም፤ የአንድ የንግድ ኩባንያ ወኪል ነው። ካሜራ ይዟል። ስለ ዘመቻው የጻፈው መጽሐፍ በ1896 በፓሪስ ታተመ፤ ሥዕሎቹም ከራሱ ፎቶግራፎች የተቀረጹ ናቸው። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍን እንዳለ ማተም ገና ብዙ ስላልተለመደ ምስሉን እንደገና የሚሠራው ቀራጭ ነበር። እንግዲህ ዳሞታን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው እጅም በነገሩ አለበት ማለት ነው።

ቫንደርሃይም ያየውን አልሸፋፈነም። ግድያውን፣ የከብት ዘረፋውን፣ ምርኮኛው ሲነዳ በግልጽ ጽፏል። ዘመቻውን ለማወደስ የጻፈ የሚመስለው ካለ መጽሐፉን አላነበበም። የወላይታን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች እስከ ዛሬ ምስክርነቱን የሚጠቅሱት ለዚህ ነው። ቢሆንም የቆመበት ቦታ አይደበቅም። የሚያድረው ከአጼው ሰፈር ነው፤ የሚያየውም ከሰፈሩ ወደ ውጭ ነው። ወላይታውን የሚያገኘው ወይ ተሸንፎ ወይ ተማርኮ ነው። ካዎ ጦና ቆስለው ተያዙ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ከጦና ወገን ሆኖ የሚመጣውን ጦር ያነሣ ካሜራ የለም። ኸርሊ ቢያንስ የራሱን ምስል መርጦ የራሱን ሰበረ። ወላይታ ውስጥ የቱ ይቅር፣ የቱ ይጥፋ ብሎ የተጠየቀ ወላይታ አልነበረም።

ከዘመቻው ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ብቅ አለ። በ1896፣ አገሩ ዓድዋ ላይ ድል በሆነችበት በዚያው ዓመት፣ አባያን በንግሥቲቱ ስም «ማርጌሪታ» አለው። ጫሞን ደግሞ «ሩስፖሊ» አለው። ሰው ዳሩ ላይ ከብት ሲያጠጣና ዓሣ ሲያወጣ የኖረበትን ሐይቅ «አገኘሁት» ማለት ይህ ነው።

ሩስፖሊ ራሱ ማን ነው? ከቦቴጎ ቀደም ብሎ ወደ ደቡብ የመጣ የጣሊያን መስፍን ነው፤ በ1893 ዝሆን ሲያድን ዝሆኑ ገደለው። ከሰበሰባቸው ነገሮች መካከል አንዲት ያማረች ወፍ ተገኘች፤ የት እንደተያዘች የሚናገር ግን አንድም ወረቀት አልነበራትም። ሊቃውንቱ በሩስፖሊ ስም ጠሯት። መኖሪያዋ የታወቀው እስከ 1940ዎቹ ተጠብቆ ነው። ያንን ጫካ የሚያውቀውን ያገር ሰው ቢጠይቁ ኖሮ ይህን ያህል ባልቆየ ነበር።

ብላቴ ከሚገባበት ጫፍ ሐይቁን ይዞ ወደ ደቡብ የወረደ ሰው ነጭ ሳር ሜዳን ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1990 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እዚያ መንገድ ላይ የሞተች ወፍ አግኝተው አንድ ክንፏን ይዘው ሄዱ፤ በ1995 በዚያች ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች። ለወፏ ክንፍ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጓል። ለሰዉስ? ነጭ ሳር በ1966 ዓ.ም. ፓርክ ሆኖ ሲከለል ኮሬዎችና ጉጂዎች ይኖሩበት ነበር። በደርግ ዘመን በኃይል ተነሡ፤ ደርግ ሲወድቅ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2004 የፓርኩ አስተዳደር ለአፍሪካን ፓርክስ እንዲተላለፍ ስምምነት ሲደረግ ማስነሣቱ እንደገና ተጀመረ፤ የጉጂዎች ቤቶችም ተቃጠሉ። ድርጅቱ በ2008 ጥሎ ወጣ። የሜዳ አህያና ሐይቅ ብቻ የሚታይበት ፎቶ ያምራል፤ ማን ከጠርዙ ውጭ እንደቀረ ግን አይናገርም።

ይህን ሲባል ፓርክ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ከሰንቀሌ ወደ ነጭ ሳር የተወሰደው የስዌይን ቆርኬ፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ እንስሳ፣ ዛሬ ከዚያ ሜዳ ጠፍቷል። ሰዉም ተበድሏል፤ አውሬውም አልቋል። አንዱን ይዞ ሌላውን መካድ የሰሞኑ ፖለቲካችን ልማድ ነው።

አሁን በየቻናሉ «ብርቅዬ ፎቶ፣ ከ100 ዓመት በፊት» እየተባለ የሚዞረው ምስል እንደ ሩስፖሊ ወፍ ነው። ማን አነሣው፣ የት፣ መቼ የሚል ነገር የለውም። ያንኑ ምስል አንዱ ለኩራት ሌላው ለቂም ይለጥፈዋል፤ ከአስተያየት መስጫው በታች ስድቡ ይቀጥላል። የቫንደርሃይም መጽሐፍ እኮ ምሥጢር አይደለም፤ ከታተመ 100 ዓመት አልፎታል፤ በኢንተርኔትም ይገኛል። የጎደለው ከፈረንሳይኛው መግለጫ ሥር የሚጻፈው የወላይትኛው ነው፦ ይህ ተራራ ማን ይባላል፣ ይህ ሜዳ የማን ርስት ነበር፣ ጦሩ በየትኛው በር ገባ። ይህን ቤተ መጻሕፍት አይመልሰውም። ከሶዶ እስከ ዲምቱ ያሉ፣ ከአያቶቻቸው የሰሙትን የሚተርኩ ሽማግሌዎች ይመልሱታል፤ እነሱም በየዓመቱ ቁጥራቸው እያነሰ ነው።