አዩርቬዳ፦ ምንነቱና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

አዩርቬዳ ከሺህ ዓመታት በፊት በሕንድ የተጀመረ ባህላዊ ሕክምና ነው። ጤና የሚገኘው ቫታ፣ ፒታ እና ካፋ የሚባሉት ሦስት የሰውነት ኃይሎች ሲመጣጠኑ ነው ይላል። ሕክምናው አመጋገብን፣ በቂ እንቅልፍን፣ ዮጋን፣ በዘይት መታሸትንና የዕፅዋት መድኃኒቶችን ያካትታል።

ዮጋና የተስተካከለ አመጋገብ ከሐኪምዎ ሕክምና ጎን ለጎን ሊጠቅሙዎት ይችላሉ። የሚዋጡ መድኃኒቶች ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በኢንተርኔት ከሚሸጡ 193 የአዩርቬዳ ምርቶች አንድ አምስተኛ ያህሉ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል። እርሳስ በተለይ ጽንስንና ሕፃናትን ይጎዳል።

ምን ማድረግ አለብዎት?

• ሐኪም ያዘዘልዎትን የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም ሌላ መድኃኒት በራስዎ አያቋርጡ።
• የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ዕቃውንም ይዘው ይሂዱ። ለምሳሌ የእርድ እንክብል ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲወሰድ ደም የመፍሰስ አደጋን ሊጨምር ይችላል።
• ነፍሰ ጡር ከሆኑ አሽዋጋንዳ የተባለውን ዕፅ አይውሰዱ።
• ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትዎ ከጠቆረ ጉበትዎ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል መውሰዱን አቁመው በፍጥነት ወደ ሕክምና ተቋም ይሂዱ።
• የማይለቅ የሆድ ቁርጠት፣ የሆድ ድርቀትና ድካም ካለብዎት በደምዎ ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን እንዲመረመር ይጠይቁ።