አውጫጭኝ፦ ሰፈር ለሰፈር ዋስ የነበረበት ዘመን

ከብት ተሰርቆ ወይም ሰው ተገድሎ ያደረገው ሲታጣ፣ በሸዋ አፈርሳታ፣ በሌላው አገር አውጫጭኝ የተባለው ሸንጎ ይጠራ ነበር።

አዋጅ ይነገርና የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል፤ የመጣም ነገሩ ሳይጣራ ወደ ቤቱ አይመለስም። የተመረጡ ሽማግሌዎች እያንዳንዱን በተራ እያስማሉ ያየውን የሰማውን ያወጣጡታል። በአደባባይ ስም መጥራት የፈራ፣ «ወፍ ነገረኝ» ብሎ የጠረጠረውን ይጠቁማል። ወንጀለኛው ካልተገኘ ደግሞ ኪሳራውን ሰፈርተኛው አዋጥቶ ይከፍላል። የሥርዓቱ ጉልበት እዚህ ላይ ነበር። የጎረቤት ጉዳት ከራሱ ኪስ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው፣ ሌሊት የውሻ ጩኸት ሰምቶ ዝም ብሎ አይተኛም። ጉድለቱም የዚያኑ ያህል ከባድ ነው፤ ንጹሑ ለሌባው ዕዳ ይከፍላል፣ ቂመኛም በወፍ ስም ጠላቱን ማስጠርጠር ይችላል።

ሌባ ሻይ የተባለው ሌባ መፈለጊያ ልማድ ከዚህም የከፋ ነበር፦ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር መኳንንቱ ሰፈራቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ ሠራዊታቸውም በጌታው ግቢ ዙሪያ ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈር የሚለው ስም የዚያ ትዝታ ነው። በእንዲህ ያለ ሰፈር እንግዳ ሰው ወዲያው ይለያል። በኋላ የአራዳ ዘበኛ የተባለው የከተማ ጥበቃ መጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ፖሊስ በአዋጅ ተደራጀ።

በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌን፣ አቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ፣ በቀይ ሽብር፣ በቀበሌው ሌባ እንዲጠብቅ የታመነው ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያሳስር ሆነ። ዛሬ ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ፣ ማለትም ነዋሪና ፖሊስ ሰፈርን በጋራ የሚጠብቁበት አሠራር፣ ሲባል ብዙ አረጋውያን ጠንቀቅ የሚሉት ያንን ስለሚያስታውሱ ነው፤ ጥንቃቄያቸውም ተገቢ ነው።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ሌላ ጥያቄ አመጡ። ዕጣ ያገናኘው ሰው አንድ ደረጃ እየወጣና እየወረደ ስም ሳይተዋወቅ ይኖራል። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ጄን ጄኮብስ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ መንገድን ደኅና የሚያደርገው በመጀመሪያ የነዋሪውና የባለሱቁ ዓይን ነው ብላ ተከራክራለች። የድሮ ሰፈር ሰው ይህን በኑሮው ያውቀዋል፤ የጉሊት ሻጯ፣ የባለሱቁና የእድሩ ዓይን መንገዱን ሲጠብቅ ኖሯል።

ስለዚህ እንደ አሶሳ ያሉ በማደግ ላይ የሚገኙ ከተሞችን ፕላን የምትነድፉ ባለሙያዎች፣ መስኮቱን ወደ መንገዱ አዙሩት፤ ለሱቁና ለእድሩ ድንኳንም ቦታ ተዉ።