ክርስቶስ ይምራን፤ ስለ ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ አጭር ጥናት

የመቄት ወረዳ ከተማ ከሆነችው ከፍላቂት ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ሰሜን የሚወርድ መንገደኛ የተከዜን ሸለቆ ተሻግሮ ላሊበላ ይገባል። ብዙው ሰው ጉዞውን እዚያው ይፈጽማል። ከላሊበላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ግን፥ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል፥ በትልቅ ዋሻ ውስጥ የተሠራ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የሚጠራውም በሠሪው በንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ስም ነው። ግድግዳው እንጨትና በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየተደራረበ በአክሱም ዘመን ሥርዓት የቆመ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ልንመረምር የምንፈልገው ከሕንፃው ይልቅ ስሙን ነው፤ ይኸውም ክርስቶስን መሪ አድርጎ መኖር ለአንድ ንጉሥ ምን ማለት ነበር የሚለውን ጥያቄ ነው።

«ይምርሐነ ክርስቶስ» የግዕዝ ቃል ሲሆን ትርጓሜው «ክርስቶስ ይምራን» ማለት ነው። እንግዲህ ስሙ ጸሎት ነው። ሕዝብ ሊመራ በዙፋን የተቀመጠ ሰው ስሙ በተጠራ ቁጥር እርሱም ተመሪ መሆኑን ይሰማል ማለት ነው።

ንጉሡ ከዛጔ ነገሥታት አንዱ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ከላሊበላና ከነአኩቶ ለአብ ጋር ከቅዱሳን ትቆጥረዋለች። ገድሉ እንደሚነግረን፥ ከመንገሡ በፊት በአጎቱ ተሳዶ ተሰደደ፤ ቅስናም ተቀበለ፤ ከዚያም ክህነትንና መንግሥትን አስተባብሮ 40 ዓመት ገዛ። ይህን ገድል ፓውሎ ማራሲኒ የተባሉት የኢጣልያ ሊቅ በ1995 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ ናቸው) ከትርጉም ጋር አሳትመውታል። ሆኖም ገድል የሚጻፈው ለምእመናን ትምህርት ስለሆነ፥ የታሪክ ተማሪ ሌላ ምስክር መፈለግ ይገባዋል።

ሌላው ምስክር ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ ሲቆይ ይህን ዋሻ ጎብኝቷል፤ መጽሐፉም በ1540 ታትሟል። የቦታው ካህናት ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስትና ወይን ለንጉሡ ከሰማይ ይወርድለት እንደ ነበር ነግረውታል፤ ይህን ለሃይማኖት እንተወዋለን። የነገሩት ሁለተኛ ነገር ግን የታሪክን ሰው ይመለከታል፤ ንጉሡ በዘመኑ ሁሉ ከሕዝቡ ግብር አልተቀበለም፤ ያመጡለትንም ለድሆች እንዲከፋፈል ያዝዝ ነበር፤ ራሱም የሚተዳደረው ባሳረሰው እርሻ ነበር ይላል።

ይህ ቃል በጊዜው የተጻፈ አይደለም፤ ከንጉሡ ዘመን ከ300 ዓመት ያላነሰ ቆይቶ ከአፍ የተሰማ ነው። ከዚህም በላይ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ያ ሰፊ እርሻ በማን ጉልበት ታረሰ? ግብር የቀረለት ገበሬ በጉልበቱ አልከፈለም ነበርን? ምንጩ ዝም ይላል። ስለዚህ ንጉሡ በእርግጥ ግብር አልተቀበለም ብለን ልንደመድም አንችልም።

ልንደመድም የምንችለው ሌላ ነገር ነው። የዛጔ መንግሥት በ1270 አልፎ፥ ዙፋኑም ወደ ሌላ ቤት ዞሮ ሳለ፥ የላስታ ካህናት በ1520ዎቹ የቀድሞ ንጉሣቸውን ለእንግዳ ሲያመሰግኑ ከተአምሩ ቀጥሎ ያነሡት ድል ያደረገውን ጦርነት አልነበረም፤ ያልወሰደውን ነገር ነበር። በእነርሱ ሚዛን ክርስቶስን የተከተለ ገዢ የሚታወቀው በደሀው ጎተራ ነው። ይህ ሚዛን ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው፤ ሕዝቡ ከገዢው ምን ይጠብቅ እንደ ነበር ያሳየናልና።

የላስታና የመቄት ሽማግሌዎች ዛሬም ስለ ንጉሡ የሚናገሩትን ከትምህርት ጓደኞቻችን መካከል የአገሩ ልጆች የሆኑት ሳይዘገይ ቢጽፉልን፥ ይህ ጅምር ይሰፋል። እኛም ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ሰው ለመምራት የምንዘጋጅ ነንና፥ «ይምራን» የሚለውን ቃል «እንምራ» ከሚለው አስቀድሞ ያኖረውን ይህን ስም ብናስታውሰው ይጠቅመናል።