የተወለወለው ሰናድር

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ታሪክ የሚጠፋው በእሳትና በዝርፊያ ብቻ አይደለም፤ ሳያውቁ በሚሠሩት በጎ ሥራም ይጠፋል።

ከአያቴ አንድ ሰናድር ጠመንጃ ወረስሁ። ብረቱ ጠቁሯል፤ ሰደፉም ተጫጭሯል። ያከበርሁት መስሎኝ ብረቱን በአሸዋ ፈተግሁት፤ ሰደፉንም ፍቄ ቀለም ቀባሁትና ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። ሲያብረቀርቅ ባየሁ ጊዜ ደስ አለኝ።

አንድ ቀን የጥንት ጠመንጃ የሚሰበስቡ ሽማግሌ አይተውት፣ «ልጄ፣ የምስክሩን አፍ ዘጋኸው» አሉኝ፤ ነገሩንም አስረዱኝ።

እንግሊዞች በአፈሙዙ ይጎርስ የነበረውን ኤንፊልድ ጠመንጃ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1866 ጀምሮ ከኋላው እየቆረጡ፣ አሜሪካዊው ጃኮብ ስናይደር ባወጣው ዘዴ ከኋላ እንዲጎርስ አደረጉት። በእኛ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱም ይዘውት መጡ። የእኛም ሰው ስናይደርን ሰናድር አለው። በቃታው ጎን ባለው ብረት ላይ ዘውድና ዓመት ይታተም ነበር፤ ዓመቱ ከ1866 የቀደመ እንደ ሆነ፣ ጠመንጃው ከመለወጡ በፊት በአፈሙዙ ይጎርስ እንደ ነበር ይመሰክራል።

እኔ ግን ያን ቁጥር በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ። አያቴ በሰደፉ ላይ የቀረጿቸው ሦስት ጭረቶችም ከፍቅፋቂው ጋር ተጠርገው ወጡ፤ ትርጉማቸውን ሳልጠይቃቸው ሞተዋልና ዛሬ የሚነግረኝ የለም።

ስለዚህ የአባቶችህ ዕቃ በእጅህ ቢገባ፣ ዝገት እንዳይበላው ጥቂት ዘይት ቀባው እንጂ አትፈትገው። ታሪካቸውንም ስትጽፍ እንዲሁ አድርግ፤ ጠባሳው ቢያሳፍርህም አትፋቀው።